በወጣቶች የልብ ሕክምና ጥናት ውስጥ የጾታ ቦታ የት ነው?

በወጣቶች ላይ በሚደረጉ የልብ ሕክምና ጥናቶች ውስጥ ጾታ ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታ ብቻ ይታያል። አንደኛው የተሳታፊዎች ዝርዝር የሚቀርብበት የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ነው። ሁለተኛው በሪግሬሽን ሞዴሉ ግርጌ «ለዕድሜና ለጾታ ተስተካክሏል» የምትለው አጭር ሐረግ ናት። ከዚያ በኋላ ስለ ሴቶችና ወንዶች ልዩነት የሚነሣ ነገር የለም። ይህ ልማድ እንደ ቀላል የአቀራረብ ጉድለት ሊታለፍ አይገባም። በተለይ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በታች በሆኑ ሕሙማን ዘንድ ጾታን «ማስተካከል» ማለት፣ ብዙ ጊዜ ሊመረመር የሚገባውን ነገር ከጥናቱ ማስወጣት ማለት ነው።

ለዚህ አባባል መነሻ የሚሆነው ጥናት ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቪዮላ ቫካሪኖና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ያሳተሙት ሥራ፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች በሃርት አታክ የታከሙ 384,878 ሕሙማንን መዝገብ መርምሯል። (በአማርኛ «የልብ ድካም» የሚለው ስያሜ፣ የልብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ለሚመጣው ሕመምም፣ ልብ ደም የመግፋት ዐቅሟ ሲዳከም ለሚከተለውም በአንድነት ስለሚነገር፣ እዚህ ለመጀመሪያው ሃርት አታክ የሚለው ቃል ተመርጧል።) ከሴቶቹ 16.7 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 11.5 በመቶ የሚሆኑት ሆስፒታል ሳሉ ሞተዋል። እስከዚህ ድረስ የሚያስገርም ነገር አልነበረም። ሴቶች በዚህ ሕመም የሚያዙት በአማካይ ከወንዶች ዘግይተው በመሆኑ፣ ልዩነቱ የእርጅና ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አጥኚዎቹ ሕሙማኑን በዕድሜ ከፋፍለው ሲያዩ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት መካከል የሴቶቹ የሞት መጠን ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ልዩነቱ እየጠበበ መጥቶ፣ ከ74 ዓመት በኋላ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው መሆኑ ቀረ። በእርጅና ሲሳበብ የኖረው ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ የሰፋው ከእርጅና በራቁት ሕሙማን ላይ ነበር።

በዚሁ ጥናት የሕሙማኑ የቀድሞ የጤና ታሪክ፣ የሕመሙ ክብደትና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተሰጣቸው ሕክምና አንድ ላይ ተደምረው ማብራራት የቻሉት የልዩነቱን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ ከየት መጣ? ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጠቃሚ ጥናቶች የሚያነሡት ይህን ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ በአንድ ቦታ ተከማችቶ አልተገኘም። ሕመምተኛዋ ቤቷ ሳለች ከተሰማት የመጀመሪያ ምልክት አንሥቶ ከሆስፒታል ወጥታ እስካሳለፈችው አንድ ዓመት ድረስ በየደረጃው ተበታትኖ ይታያል።

በዚህ ረገድ ብዙ ያስተማረው ቪርጎ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ጥናት ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራው ይህ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 55 ዓመት የሆኑ የሃርት አታክ ሕሙማንን ሲመዘግብ፣ ለአንድ ወንድ ሁለት ሴቶችን አስቦ አስገብቷል። ወጣት ሴቶች በዚህ ሕመም የሚያዙት ከወንዶች በቁጥር አንሰው ስለሆነ፣ እንደ መጡ ብቻ ቢመዘገቡ ኖሮ ስለ እነርሱ በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያበቃ ናሙና አይገኝም ነበር። ጁዲት ሊችማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚሁ ጥናት ያቀረቡት ትንታኔ 103 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተኙ 2,009 ሴቶችንና 976 ወንዶችን ይመለከታል። ዋናው ምልክታቸው በደረት ላይ የተሰማ ሕመም፣ ጫና ወይም መጨነቅ የነበረባቸው ከሴቶቹ 87.0 በመቶ፣ ከወንዶቹ 89.5 በመቶ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው። ከደረት ሕመም ሌላ ሦስትና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ምልክቶች የነበሩባቸው ግን ከሴቶቹ 61.9 በመቶ፣ ከወንዶቹ 54.8 በመቶ ነበሩ።

እንግዲህ በብዙ የሕክምና መማሪያዎች የሚደጋገመው «በሴቶች ላይ የልብ ሕመም ያልተለመደ ምልክት ያሳያል» የሚለው አባባል ከዚህ ማስረጃ ጋር አብሮ ሊቆም አይችልም። ወጣቶቹ ሴቶች የተለመደውን ምልክት ይዘው ነው የመጡት፤ ከዚያ በላይ ሌላም ጨምረው ተናግረዋል። ማቅለሽለሹ፣ የትከሻው ሕመም፣ የልብ ምቱ መፋጠንና ድካሙ ሲዘረዘር የደረቱ ነገር ከሌሎቹ መካከል እንደ አንዱ ተቆጠረ። «ያልተለመደ» የሚለው ቃል ጉድለቱን ከአድማጩ አንሥቶ ወደ ተናጋሪዋ ያሸጋግራል። በሌላ ቃል ቢተካ ለተማሪዎችም ለሕሙማንም ይበጃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይበልጥ ያሳስባል። ሆስፒታል ከመተኛታቸው በፊት በእነዚሁ ምልክቶች ሳቢያ ሕክምና ፈልገው የሄዱት ከሴቶቹ 29.5 በመቶ፣ ከወንዶቹ 22.1 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ ቸል ብለው ዘገዩ የሚለው ማመካኛ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ከእነዚህ አስቀድመው ከሄዱት መካከል፣ ያያቸው ባለሙያ ምልክቱ ከልብ ጋር የተያያዘ እንዳልመሰለው የተናገሩት ከሴቶቹ 53 በመቶ፣ ከወንዶቹ 37 በመቶ ገደማ ናቸው። ማስረጃው ከሕሙማኑ ቃል የተወሰደ መሆኑ፣ የተጠየቁትም በሕይወት ተርፈው ለቃለ መጠይቅ የበቁት ብቻ መሆናቸው የጥናቱ ገደብ ነው። ሆኖም ይህ ገደብ ለሁለቱም ጾታዎች እኩል ስለሚሠራ፣ በመካከላቸው የታየውን የ16 በመቶ ነጥብ ያህል ርቀት በቀላሉ አያጠፋውም።

በአንጻሩ የሚቀርበው ክርክር ክብደት አለውና በጥሞና መታየት አለበት። የወጣት ሴቶች ሕመም ራሱ በተፈጥሮው የተለየ ከሆነ ሕክምናውም ቢለይ ምን ያስገርማል የሚል ነው። እውነትም የሚለይበት መንገድ አለ። በቪርጎ የደም ሥር ምርመራ ከተደረገላቸው መካከል ጉልህ የሆነ የደም ሥር መዘጋት ያልተገኘባቸው ከሴቶቹ 14.9 በመቶ ሲሆኑ ከወንዶቹ 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። የልብ ደም ሥር ግድግዳ በድንገት ተሰንጥቆ የሚፈጠረው የሃርት አታክ ዓይነትም በአብዛኛው ሴቶችን፣ አንዳንዴም በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያሉትን፣ የሚያጠቃ ነው። ለእንደነዚህ ያሉት ሕሙማን ስቴንት አለማስገባት ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የስቴንት ቁጥር ብቻውን ለአድልዎ ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

ይሁን እንጂ ክርክሩ የሚያስኬደው እስከዚያ ድረስ ነው። በአሜሪካ አራት ማኅበረሰቦች ከ1995 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በተደረገው ክትትል፣ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 54 ዓመት የሆኑ ሴቶች ከእኩዮቻቸው ወንዶች ያነሰ ያገኙት የደም ሥር መክፈቻ ሕክምናን ብቻ አልነበረም። የደም መርጋትን የሚከላከሉትንና ኮሌስትሮልን የሚቀንሱትን መድኃኒቶች፣ የደም ሥር ምርመራውን ራሱንም ያገኙት ባነሰ መጠን ነው። ምርመራው ካልተደረገ የደም ሥሩ መዘጋት አለመዘጋቱ አይታወቅም። ስለሆነም «የሴቶች ሕመም ሌላ ነው» የሚለው ማብራሪያ ራሱ የሚታወቀው ሴቶቹ በቅድሚያ እኩል ሲመረመሩ ነው። በዚያው ዘመን ከሃርት አታክ ሕሙማን ሴቶች መካከል የወጣቶቹ ድርሻ ከ21 ወደ 31 በመቶ ማደጉ ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል።

የ«ማስተካከል» ችግር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። አንድ ተመራማሪ በወጣት ሴቶችና ወንዶች መካከል የሞት ልዩነት አገኘ እንበል። ከዚያ ሆስፒታል ለመድረስ የወሰደውን ጊዜ፣ ኢሲጂ እስኪነሣ ያለፈውን ደቂቃና የተሰጡትን መድኃኒቶች ሞዴሉ ውስጥ አስገባ። ልዩነቱ ጠፋ። «ጾታ በራሱ ከሞት ጋር ግንኙነት የለውም» የሚል መደምደሚያ ተጻፈ። አረፍተ ነገሩ በሒሳብ ረገድ ስሕተት የለበትም፤ የሚያስተላልፈው መልእክት ግን የተገለበጠ ነው። ጊዜውና መድኃኒቱ በጾታና በሞት መካከል የቆሙ ድልድዮች ናቸው፤ ልዩነቱ ተሻግሮ የሚመጣው በእነርሱ ላይ ነው። ድልድዩን በስሌት አንሥቶ ወንዙን የተሻገረ ሰው የለም ማለት አይቻልም። እንደ ዕድሜና እንደ ቀድሞ ሕመም ያሉት ተለዋዋጮች የሚስተካከሉበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የሕክምናው ደረጃዎች ግን ለብቻቸው መለካትና ለብቻቸው መቅረብ አለባቸው። ሞዴሉ ሁለት ጊዜ ቢሠራ፣ አንዴ ያለ እነርሱ አንዴም ከእነርሱ ጋር፣ በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለው ርቀት ራሱ የጥናቱ ዋና ግኝት ሊሆን ይችላል።

የመመርመሪያ መሣሪያን ማሻሻል ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ከስኮትላንድ የመጣው ማስረጃ ያሳያል። ትሮፖኒን የተባለው የልብ ጡንቻ ጉዳት ጠቋሚ በጤነኛ ሴቶች ደም ውስጥ ያለው መጠን ከወንዶች ያነሰ ነው። ለሁለቱም አንድ ወሰን መጠቀም የሴቶችን ጉዳት እንደሚሰውር የኤድንብራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አሳይተዋል። ወሰኑ ለሴቶች 16፣ ለወንዶች 34 ናኖግራም በሊትር ሲደረግ፣ ሃርት አታክ ተገኘባቸው የተባሉት ሴቶች ከ11 ወደ 22 በመቶ አደጉ፤ በወንዶቹ ላይ የታየው ለውጥ ጥቂት ነበር። ነገሩ መፍትሔ ያገኘ መሰለ። ከአራት ዓመት በኋላ በ10 የስኮትላንድ ሆስፒታሎች 48,282 ሕሙማንን ያካተተው ሰፊ ሙከራ ሲታተም ግን የተገኘው ሌላ ነበር። በአዲሱ ወሰን ተጨማሪ ጉዳት የተገኘባቸው ሴቶች ከወንዶቹ አምስት እጥፍ ቢሆኑም፣ ሴቶች ያገኙት ሕክምና የወንዶቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ፤ ውጤታቸውም አልተሻሻለም። ላቦራቶሪው አወቀ፤ የሕክምና ክፍሉ ግን በነበረበት ቆየ። በሌላ በኩል በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ለከባድ የሃርት አታክ ዓይነት ለማንኛውም ሕመምተኛ አንድ ዓይነት የማረጋገጫ ዝርዝርና አንድ ዓይነት የሥራ ቅደም ተከተል ሲደነገግ፣ በሴቶችና በወንዶች መካከል የነበረው የሕክምና መዘግየት ልዩነት መጥበቡ ተመዝግቧል። ውሳኔው ለእያንዳንዱ ባለሙያ ግምት ሲተው የሚሰፋው፣ ሥርዐት ሲበጅለት የሚጠብበው ልዩነት በተፈጥሮ ብቻ የመጣ ነው ማለት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ የሌላ አገር ማስረጃ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ እንዳለ ሊገለበጥም አይችልም። ኢትዮጵያዊት የሃያ ስምንት ዓመት ሴት በልብ ሕመም ወደ ሆስፒታል ስትመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያስበው የደም ሥር መዘጋትን አይደለም። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብ ቫልቮችን የሚያበላሸውን ሩማቲክ የልብ ሕመም ያስባል። ስለዚህ የጾታው ጥያቄ እዚህ በሌላ መልኩ ይነሣል። በሟቹ ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ መሪነት የተቋቋመውና ሬሜዲ የተባለው መዝገብ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከህንድና ከየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ይዟል። የዕድሜያቸው መካከለኛ 28 ዓመት ነው፤ 66.2 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። በሁለት ዓመት ክትትል 16.9 በመቶዎቹ ሞተዋል፤ የሟቾቹም የዕድሜ መካከለኛ 28.7 ዓመት ነበር።

በዚሁ ክትትል ሴት መሆን ከዝቅተኛ የሞት አደጋ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ የሴቶቹ አደጋ ከወንዶቹ በ35 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ከላይ ከቀረበው ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ይህ ተቃራኒ ይመስላል። «እኛ ዘንድ ችግሩ የለም» ብሎ መዝጋትም ሆነ ቁጥሩ ከሚጠበቀው ጋር ስላልገጠመ ችላ ማለት ሁለቱም ፈተናዎች ናቸው። ማን ወደ መዝገቡ ገባ የሚለው መጠየቅ አለበት። ሴቶች በእርግዝና ክትትል አጋጣሚ ሕመማቸው ገና ሳይከፋ ተገኝቶባቸው፣ ወንዶች ደግሞ የእግር እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ከሥራ ሲያስቀራቸው ብቻ መጥተው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሕክምናው ውጤት ሳይሆን ስለ መድረሻው ጊዜ ነው። ሞትም የውጤት ሁሉ መለኪያ አይደለም።

የሁለተኛው ነጥብ ክብደት የሚታየው የቫልቭ ሕክምናና እርግዝና ሲገናኙ ነው። በእርግዝና ወቅት የደም መጠን እስከ 50 በመቶ ድረስ ስለሚጨምር፣ በጠበበ ሚትራል ቫልቭ ሳታውቀው የኖረች ሴት በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር ትንፋሽ አጥሯት ልትወድቅ ትችላለች። ቫልቩ በብረት ሠራሽ ቫልቭ ከተተካላት ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን መውሰድ ይኖርባታል። ዋርፋሪን የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ የሚገባ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጉዳት የሚያደርስ መድኃኒት ነው፤ ማቆሙ ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም እንዲረጋ ይጋብዛል። ከእንስሳት ኅብረ ሕዋስ የሚሠራው ቫልቭ ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልክ ባይጠይቅም በወጣቶች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። ሰፊ የዓለም አቀፍ የእርግዝና መዝገብ እንዳሳየው፣ የብረት ቫልቭ ካላቸው ሴቶች 212 እርግዝናዎች መካከል ያለ ከባድ ችግር በሕይወት ያለ ልጅ የተገኘባቸው 58 በመቶው ብቻ ናቸው። ያ መዝገብ የተሻለ ክትትል ያላቸውን አገሮችም ያካተተ ነው። የደም መፈተሻ የማይፈልጉት አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች ለብረት ቫልቭ አይሆኑም፤ በሩማቲክ ሕመም ምክንያት የልብ ምታቸው ለተዛባባቸውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትልቅ ሙከራ ነባሩን የመድኃኒት ዓይነት የተሻለ አድርጎታል።

ከዚህ ጋር ሬሜዲ ያስገኛቸው ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል። ለደም ማቅጠኛ ከሚገባቸው ሕሙማን መካከል መድኃኒቱ የታዘዘላቸው 69.5 በመቶ ቢሆኑም፣ ደማቸው በሚፈለገው ወሰን ውስጥ የተገኘው 28.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት 1,825 ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ የነበሩት 3.6 በመቶ ናቸው። ሁለተኛው ቁጥር ለወንዶች አቻ የለውም፤ ስለዚህ «ለጾታ በተስተካከለ» ሞዴል ውስጥ ቦታ አያገኝም። የጠፋው ጽንስ፣ ልጅ እንዳትወልድ የተነገራት ሙሽራ፣ መድኃኒቷን በራሷ ጊዜ ያቆመች ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም በሁለት ዓመቱ የሞት ሠንጠረዥ ላይ «በሕይወት ያለች» ተብለው ይቆጠራሉ። በሃርት አታክ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በቪርጎ ከሆስፒታል በወጡበት አንድ ዓመት ውስጥ ከልብ ውጭ በሆነ ምክንያት እንደገና የተኙት ሴቶች መጠን ከወንዶቹ እጥፍ ገደማ ነበር፤ ሞት ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ይህ አይታይም።

እንግዲህ በዚህ ርእስ የማስተርስ ጥናት የሚያዘጋጅ ተማሪ ሥራውን ትንሽ ቀይሮ ቢጀምር ብዙ ያተርፋል። የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጹ ላይ ሕመሙ የጀመረበትን፣ መጀመሪያ ጤና ተቋም የተሄደበትን፣ የልብ አልትራሳውንድ የተደረገበትንና ቀዶ ሕክምና የተወሰነበትን ቀን ለየብቻ መጻፍ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። የቫልቩ ዓይነት ሲመረጥ ሕመምተኛዋ ስለ መውለድ ተጠይቃ እንደሆነ ከካርዷ መመልከትም እንዲሁ። ናሙናው አነስተኛ ነው የሚለው መከራከሪያ በጾታና በዕድሜ ከፍሎ ከማቅረብ አያግድም። በአንድ ሆስፒታል የተገኙ አርባ ሴቶች ለብቻቸው ትርጉም ያለው ልዩነት ላያሳዩ ይችላሉ። ዝርዝራቸው በዕድሜ ክልልና በጾታ ተለይቶ ከታተመ ግን በጅማ፣ በጎንደር፣ በመቀሌና በአዲስ አበባ ከተሠሩት ጋር የሚደመር ሰው ይገኛል፤ በአንድ የተስተካከለ ቁጥር ተጠቅልለው ከታተሙ በኋላ ግን ማንም ሊለያቸው አይችልም።